አባዶን የምታዪው በጨለማ ነው

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከገባን ስድስት ዓመት አለፈን። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅርንጫፌ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ንጋት 11:30 ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ባለቤቴ ሰፈሩን ይወደዋል። አየሩ ጥሩ ነው፣ ጸጥታ አለ፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ እንደልባቸው ይጫወታሉ ይላል። እኔ ግን ጠልቼዋለሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ እሱም አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ጉልበት ያጣል። ከታች ያለችው ሴትዮ ልጆቼ በሮጡ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች። ስሟን እንኳ አላውቅም። ካዛንቺስ ሲፈርስ እናቴን ወደ እኔ አመጣኋት። ከኡራኤል ደጅ የማትጠፋ ሴት ነበረች፤ አሁን ከቤት ከወጣች ሁለት ወር ሆናት። ቤቱን አከራይተን ሃያ ሁለት ወይም ኡራኤል አካባቢ እንከራይ ስለው ባለቤቴ ‹እጣ የደረሰው ሰው ተመልሶ ኪራይ ይገባል?› ብሎ ይቆጣል። ዘመድም ምስጋና ቢስ ያደርገኛል። ምን ላድርግ? ከአራተኛ ፎቅ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከምንም በፊት ይሄን «ምስጋና ቢስ» የሚሉትን ነገር ከላይሽ ላውርድልሽ። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ዛሬም እየቆጠቡ እጣ የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ፊት ስለ ቤትሽ ማማረር እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ግን የእነሱ መጠበቅ ያንቺን መንገድ አያሳጥረውም። ሰው ለቤቱ አምላኩን እያመሰገነ ሰፈሩ ሊያንገሸግሸው ይችላል። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ነገሩ። ንጋት 11:30 ወጥተሽ ማታ 2 ሰዓት ከገባሽ 14 ሰዓት ተኩል ከቤት ውጭ ነሽ። አዲስ አበባ ላይ ጀንበር የምትወጣው 12 ሰዓት ግድም ነው፤ ማታም እዚያው አካባቢ ትጠልቃለች። ስለዚህ ስትወጪ አልነጋም፣ ስትገቢ መሽቷል። አባዶን በብርሃን የምታዪው እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ውሃ ከመጣ ልብስ ስታጥቢ፣ ካልመጣ በጀሪካን ውሃ ስታስቀጂ ይመሻል።

ባለቤትሽ «ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ» ሲል ሲጫወቱ አይቷል ማለት ነው። አንቺ አይተሻቸው ታውቂያለሽ? ከትምህርት ቤት መልስ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ቦርሳቸውን ደረጃ ሥር ጥለው ሲሮጡ? የት እንደሚሠራ አልነገርሽኝም፣ ግን እሱ የሚኖረው አንቺ የማታውቂው አባዶ ውስጥ ነው። አንቺ የምታውቂው አባዶ የታክሲ ሰልፍ፣ የመገናኛ ግፊያ፣ ከዚያ ጨለማ ደረጃ ነው። ሁለታችሁም ውሸት አላወራችሁም። ስለ ሁለት የተለያየ ሰፈር ነው የምትጨቃጨቁት።

ታዲያ ከቤት ኪራይ በፊት የሚነሳው የሥራ ነገር ነው። ባንክ ነው የምትሠሪው፤ ባንክ ቅርንጫፍ የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ጠፍቷል። አያት፣ ሲኤምሲ፣ ኮተቤ፣ ካራ፣ መገናኛ። ዝውውር ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ብዙ ጊዜ «አይሰጡኝም» ብለን ለራሳችን መልስ እንሰጥና ማመልከቻ ሳንጽፍ ዓመት ያልፋል። ጻፊ። በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ምክንያትሽንም በግልጽ አስቀምጪ፦ ሁለት ልጆችና ደረጃ መውረድ ያቃታት እናት። ሦስት ቅርንጫፍ በምርጫ ቅደም ተከተል ጥቀሺ። ከተቻለሽ ከዚያኛው ቅርንጫፍ ወደ መሀል ከተማ መምጣት የሚፈልግ ሠራተኛ ፈልጊ፤ መቀያየር ለአለቆችም ይቀላል። አንዱን ማመልከቻ ቢመልሱብሽ ሌላ ክፍት ቦታ ሲወጣ እንደገና አስገቢ።

ዝውውሩ ቢሳካልሽ በቀን ሦስት አራት ሰዓት ይተርፍልሻል። ያ ሰዓት ሲመለስ ምን ያህሉ ጥላቻ እንደሚቀር ያኔ ታዪዋለሽ።

እስከዚያው አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ከዓመት ፈቃድሽ አንድ ቀን ውሰጂ፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሁን። ልብስ አትጠቢ፣ ጉዳይ አትቅጠሪ። ከጠዋት እስከ ማታ አባዶ ዋዪ። ልጆችሽን ራስሽ ከትምህርት ቤት ተቀበያቸው። ከዚያ በኋላም ከጠላሽው፣ እሺ፣ ያኔ አይተሽው ነው የጠላሽው።

ስለ ካዛንቺስ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ያደግሽበትን ሰፈር ስታስቢ የቡናው ጭስ፣ በር ሳያንኳኩ የሚገቡት ጎረቤቶች፣ ማታ የጥብሱ ሽታ ነው የሚመጣብሽ። ያ ሁሉ እውነት ነው። ግን የጋራ ሽንት ቤት ወረፋስ? ሌሊቱን ሙሉ ከየመጠጥ ቤቱ የሚሰማው ሙዚቃስ? ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮው ሥር የሚደረደረው ባልዲስ? እኔ ልደታ ነው ያደግኩት፤ ቤታችን ከካዛንቺሱ ብዙም አይለይም ነበር፤ ስለዚህ ገምቼ አይደለም የምጽፍልሽ።

አሁን ያ ሰፈር በቦታው የለም። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከጎረቤቶችሽ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገብተዋል፤ የቀሩትም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሃያ ሁለት ወይም ኡራኤል አካባቢ ብትከራዪ የምታገኚው ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ መብራት፣ የማታውቂያቸው ጎረቤቶችና ከአባዶው የሚበልጥ ኪራይ ነው። መንገድ ታሳጥሪያለሽ፤ አልክድም፤ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰዎቹን ግን እዚያ አታገኛቸውም እናትሽ። ይሄን ቀድመሽ ካላወቅሽ ሁለት ጊዜ ነው የምታዝኚው።

ደግሞ ካዛንቺስ ራሱ ሲጀመር እንዴት እንደነበር ታውቂያለሽ? ስሙ የመጣው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት መኖሪያ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ይሉት ነበር፣ ኢንቺስ ቤቶቹን የሚሠራው ተቋማቸው አጭር ስም ነው። ከሩቅ አገር የመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚያድሩበት ቦታ ነበር። እናትሽና የእናትሽ ጓደኞች ናቸው በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በየቀኑ ቡና አሁን የሚናፍቅሽን ካዛንቺስ ያደረጉት። ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው እሷን ጠይቂያት። ትነግርሻለች፤ መናገርም ደስ ይላታል።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ተኩል ነው የሰጠሻት፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ሁለት ወር!

የእኔ ብሎክ ጀሞ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ከልደታ ስንነሳ ነው የገባነው። ደረጃውን ቆጥሬዋለሁ፤ እስከ አራተኛ ፎቅ 72 ነው፤ ያንቺም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሊፍት የለም። ለአንቺ 72 ደረጃ ድካም ነው፤ ለእናትሽ ግን የታጠረ በር ነው። መጀመሪያ ምን እንዳስቀራት ለይተሽ እወቂ። ጉልበቷን ነው የሚያማት? ነው ወይስ አንድ ቀን አዳልጧት ፈርታ ነው? ነው ወይስ ብትወርድም የምትሄድበት ሰው የላትም? ሦስቱም መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። እናቶቻችን ደግሞ ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው «ደህና ነኝ፣ እቤት ይሻለኛል» ይላሉ። በዚያ እንዳታልፊያት። ጉልበት ከሆነ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ዕድሜ ነው ብለሽ አትተይው።

እኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። እሳቸውም እንዲሁ ቀርተው ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው በየፎቁ ማረፊያ ላይ አንድ አንድ በርጩማ አስቀመጠ። ሌላ ምንም አላደረገም። እሳቸውም ይወርዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ያለፈ ያገደመውን ሰላም ይላሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የብሎኩን ሰው ሁሉ በስም የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ሆኑ። በርጩማዎቹን የነካ ሰው የለም፤ እንደውም አንዱ ሲሰበር ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው በሌላ ተክቶት አገኘነው።

ይሄ ካልሠራላት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ማንም ሲያስበው አላይም። አራተኛ ፎቁን አከራይታችሁ እዚያው አባዶ ውስጥ፣ ከተቻለ እዚያው ብሎክ፣ ግራውንድ ተከራዩ። ባለቤትሽ የሚወደው አየርና ግቢ አይለቀውም። ልጆቹ ትምህርት ቤት አይቀይሩም። ጎረቤት ታች ሆኖ ጣሪያ የሚደበድብም አይኖርም። እናትሽ ደግሞ በሩን ከፍታ ወንበሯን ደጅ አውጥታ ምስር ትለቅማለች፣ በቆርቆሮ ጣሳ ጤናዳም ትተክላለች፣ የሚያልፈውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች። ግራውንድ ችግር የለውም አልልሽም። አቧራ ይገባል፣ አላፊ አግዳሚው በመስኮት ያያል፣ የፍሳሽ መስመር ሲደፈን መጀመሪያ የሚሸተው እዚያ ነው፣ ለሌባም ይቀርባል። ኪራዩም ከአራተኛ ፎቅ ሊወደድ ይችላል፤ ልዩነቱን ግን ከሃያ ሁለት ኪራይ ጋር አስተያዪው።

ለማከራየት ስትነሱ የኪራይ አዋጁን አትርሱ፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ይሄ ማለት «እስቲ ሦስት ወር እንሞክርና ካልሆነ ቤታችን እንመለሳለን» የሚባል ነገር የለም። ቤታችሁን ለሰው ከሰጣችሁ ሁለት ዓመት ሰጥታችኋል። ስለዚህ ተቻኩለሽ፣ ተናደሽ፣ በአንድ መጥፎ ማታ ማግስት የምትወስኚው ነገር አይደለም።

የውሃውን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ብቻሽን የምትፈቺው አይደለም። በጋራ ሕንፃ አዋጁ መሠረት የብሎካችሁ ባለቤቶች ማህበር አላችሁ፣ ወይም ሊኖራችሁ ይገባል። እኛ ለታንከርና ለፓምፕ ገንዘብ እስክናዋጣ ሁለት ዓመት ተጨቃጨቅን፤ የግራውንድ ሰዎች «እኛ ውሃ አለን፣ ለምን እንከፍላለን?» ይሉ ነበር። የአራተኛ ፎቅ ሰው ስብሰባ ካልሄደ ስለ አራተኛ ፎቅ ውሃ የሚናገር የለም። ወይ አንቺ ወይ ባለቤትሽ ሂዱ።

ኡራኤልን በተመለከተ። ወር በገባ በ22 እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። በየወሩ ካልተቻለ በሁለት ወር አንዴ፣ ቀኑ እሁድ ወይም በዓል ላይ ሲውል አያምልጥሽ። ለዚያች ቀን ራይድም ቢሆን ጥሪ፤ ከኪራይ ልዩነት አንፃር ምንም ማለት አይደለም። የተበተኑት የካዛንቺስ እናቶችም ደጁን የረሱት አይመስለኝም። እኛ ከልደታ ከተነሳን ይኸው ከአስር ዓመት በላይ ሆነን፣ ማኅበርተኞቼን የማገኘው ልደታ ማርያም ደጅ ነው፤ አንዷ ከጀሞ፣ አንዷ ከአያት፣ አንዷ ከቃሊቲ ትመጣለች። ዕድሯንም ጠይቂያት። ወርኃዊውን ማን እየከፈለላት ነው? ተቋርጦ ከሆነ ለምን እንደከፋት አንዱን ምክንያት አገኘሽ። በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ዕድሩ ሲቋረጥ ማን እንደሚቀብረው ያስባል፤ ለልጁም አያወራም።

ለባለቤትሽ ደግሞ «ሰፈርህን ጠላሁ» አትበዪው። ሰፈሩን ስትጠዪ እሱን የሰደብሽው እየመሰለው ነው የሚቆጣው። የኪራይ ቤት ኑሮ፣ አከራይ «ውጡ» የሚልበት ማስጠንቀቂያ፣ ዕቃ በጋሪ መጫን፣ ይሄ ሁሉ በልቡ ካለ «ኪራይ» የሚለው ቃል ብቻ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ንገሪው። 14 ሰዓት ተኩል። 72 ደረጃ። ሁለት ወር። ከዚያ ዝውውር እየጠየቅሽ እንደሆነ ንገሪውና ቀን ቁረጡ። ስድስት ወር በሉ። በስድስት ወር ዝውውሩ ካልመጣ፣ እናትሽም ከደረጃው ካልወረደች፣ ያን ጊዜ ወደ መሀል መግባቱን እሱም ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይገባል፤ እኔም ያኔ ከጎንሽ ነኝ። ሰው ለአየርና ለጸጥታ ብሎ ሚስቱን ከልጆቿ፣ አማቱንም ከፀሐይ ማራቅ የለበትም። ይሄን ዓምድ የሚያነብ ከሆነ ለሱም ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከታች ያለችው ሴትዮ።

ጀሞ በገባን በሦስተኛው ሳምንት ቡና ልቆላ ከሰል አያያዝኩ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጭሱ ልጆቹን አስለቀሳቸው። በንዴት ምድጃውን አንስቼ ደረጃው ማረፊያ ላይ አወጣሁት። እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቆላሁ። የቡናው ሽታ ከላይ እስከ ታች ደረጃውን ሞላው። አንድ በር ተከፈተ። ቀጥሎ ሌላ በር። አንዷ «ማነው ደረጃ ላይ የሚቆላው?» ብላ ልትቆጣ ነበር የወጣችው፤ ፊቷ ላይ ይታያል። «ግቢ፣ ጠጪ» አልኳት፤ የምትገባበት ቤት እንኳ አልነበረም፣ ደረጃ ላይ ነን። ስኒ ይዛ መጣች። ልጄን ስድር ወጡን የሠራችው እሷ ናት።

ልጆችሽ ሲሮጡ ጣሪያ የምትደበድብ ሴትዮ፣ ልጆችሽ ሲሮጡ ቤቷ አለች ማለት ነው። አንቺ ሜክሲኮ ሆነሽ እናትሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ በአዲስ አበባ ውስጥ ለእናትሽ ከሁሉ የቀረበች ሰው እሷ ናት። ምናልባት እሷም የታመመ ሰው ይዛለች። ምናልባት ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ የመጥረጊያዋን ድምፅ ብቻ ነው የምታውቂው።

በዚያች በፈቃድሽ ቀን ቡና አፍሉ። እናትሽ ትቁላ፣ አንቺ ውረጂና ሴትዮዋን ጥሪያት። ስለ ልጆቹ ይቅርታ ጠይቂያት፣ ስንት ሰዓት እንደሚከብዳት ጠይቂያት፣ ስሟን ጠይቂያት። በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ስትጠራ እናትሽ ትወርዳለች። ከአራተኛ እስከ ሦስተኛ ፎቅ 18 ደረጃ ብቻ ነው፤ ማረፊያው ላይ በርጩማ አስቀምጪላት።